ሐተታ ስለ አንዲት ዓይን አፋር ሕፃን

የእኅቴ ልጅ በጥር 15 ቀን፣ በቅዱስ ቂርቆስ በዓል፣ አምስት ዓመት ሞላት፤ ቤተ ሰቡም ሁሉ በአንድ ቃል «ዓይን አፋርነቷ በልደቷ ቀን ለቀቃት» ብሎ ፈረደ። እኔ ግን ይህን ፍርድ እንዲሁ ተቀብዬ ላልፍ ሕሊናዬ አልፈቀደልኝም። ነገሩ እውነት ከሆነ ዕድሜ ብቻውን ፍርሃትን ከሰው ልቡና ሊነቅል ይችላል ማለት ነውና፣ ፈሪ ልጅ ያለችው እናት ቁጭ ብላ ዓመት ከመቁጠር በቀር ሥራ የላትም፤ ሐሰት ከሆነ ግን ያን ሥራ የሠራው ሌላ ምክንያት ሳይታወቅ ይቀርና ሌሎች ሕፃናት ሳይጠቀሙበት ይቀራሉ።

አስቀድሜ የልደትን ቀን መረመርሁ። ከላሊበላ በስተ ሰሜን፣ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ባለችው በብልባላ፣ ሰው የተወለደበት ዕለት የሚታወሰው በቁጥር ሳይሆን በታቦት ነው፤ «የቂርቆስ ለት»፣ «የጊዮርጊስ ማግሥት» ይባላል፤ ድግስ የሚደገሰውም ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ለምትነሣው ክርስትና እንጂ ለልደት አልነበረም። ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን ቅዱሳንን አብዝታ የምታስበው ባረፉበት ቀን ሲሆን፣ ልደታቸው ተለይቶ የሚከበርላቸው ጥቂቶች ናቸው፤ እመቤታችን በግንቦት 1፣ መጥምቁ ዮሐንስ በሰኔ 30፣ በእኛም አገር ትውፊት ቅዱስ ላሊበላ ከጌታ ልደት ጋር በታኅሣሥ 29። በዚያች ዕለት በቤተ ማርያም ካህናቱ ገሚሱ ከላይ ከዐለቱ አፋፍ፣ ገሚሱ ከታች ከቅጽሩ ቆመው «ቤዛ ኵሉ»ን ሲያሸበሽቡ ያየ ሰው፣ ላስታ ልደትን ማክበር አያውቅም ሊል አይችልም። ነገር ግን እዚያ የሚመሰገነው የተወለደው ነው እንጂ ቀኑ አይደለም። ቀን ይመሰክራል እንጂ አይሠራም ብዬ ይህን የመጀመሪያውን ሐሳብ ለጊዜው ወደ ጎን አደረግሁት።

ልጅቱ እንዴት እንደ ነበረች ልናገር። እንግዳ ከደጅ ሆኖ «እንደምን ዋላችሁ ቤቶች» ሲል ገና የእናቷን ነጠላ ጥለት ጨብጣ፣ ጫፉን በጥርሷ ይዛ ከኋላዋ ትለጠፋለች፤ የሽማግሌ ጉልበት ሳሚ ተብላ ስትገፋም ዓይኗን ጨፍና ትሄዳለች። ፍርሃቷ የሁሉ ነገር ፍርሃት አልነበረም፤ በብልባላ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ውስጥ የሚኖሩት ንቦች በራሷ ላይ ሲያንዣብቡ ቆማ የምታያቸው ልጅ፣ የሰው ዓይን ሲያርፍባት ብቻ ትጠፋ ነበር። ጎረቤቶች «አፍሽን ምን ዘጋው?» እያሉ በፍቅር ሲጠይቋት ይብስባታል እንጂ አይሻላትም፤ ጥያቄው ራሱ ዓይንን ሁሉ ወደ እርሷ የሚስብ ነበርና።

ታዲያ ይህ ባሕርይዋ ነውን? በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት የሥነ ልቡና ሊቅ ጀሮም ኬገን የአራት ወር ሕፃናትን አዲስ ነገር እያሳዩና እያሰሙ ሲመረምሩ፣ ከመቶ 20 የሚያህሉት እጅግ የሚንፈራገጡና የሚያለቅሱ ሆነው አገኟቸው፤ እነዚህም ሲያድጉ ከሌሎቹ ይልቅ እንግዳን የሚሸሹ ሆኑ፤ ይሁን እንጂ ሁሉም እንዲያ አልቀሩም። እንግዲህ ባሕርይ መነሻን ቢሰጥ መድረሻን አይወስንም ማለት ነው፤ እኔ የፈለግሁትም በመነሻና በመድረሻ መካከል የገባውን ነገር ነው።

ወደ ኋላ ተመልሼ ሳስብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በመስከረም ታላቅ እኅቷ ለትምህርት ወደ ላሊበላ ስትሄድ፣ እንግዳ የማስታጠቡ ሥራ ሰው አጣ፤ አያቷም ብዙ ሳታስብበት ትንሿን ጆግ ለዚህች ሕፃን ሰጠቻት። በመጀመሪያ ሁለት እጇ እየተንቀጠቀጠ ውኃው ከሳህኑ ውጭ ይፈስስ ነበር። እኔ ግን ሳስተውለው ከቆየሁ በኋላ ያወቅሁት ይህ ነው፤ እጅ የምታስታጥብ ልጅ የእንግዳውን ፊት አታይም፣ እጁን ታያለች፤ እንግዳውም በመደቡ ላይ ጎንበስ ብሎ ውኃውን ያያል እንጂ እርሷን አያይም። ሁለቱ ተቀራርበው ሳይተያዩ ይቆያሉ። ዓይን ለምትፈራ ሕፃን ከዚህ የተሻለ መተዋወቂያ ሊቅ ቢያስብ የሚያገኘው አይመስለኝም። ደግሞም ሥራው ቃል ይጠይቃል፤ ሳሙናው ካልለቀቀ «ልጨምርልዎ?» ማለት ግድ ነው። ይህችን አንዲት ቃል መጀመሪያ ለጆጉ የምትነግረው ይመስል በሹክሹክታ አለቻት፤ ሽማግሌውም እጃቸውን እያራገፉ «እደጊልኝ፣ ተባረኪ» አሏት። ያልተገደደችበት ቃል በምርቃት ተመለሰላት።

እዚህ ላይ ተጠራጣሪው ልቡናዬ «በእነዚያ ወራት ዕድሜዋም ጨምሯል፤ የጆጉ ሥራ መሆኑን በምን ለየህ?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። መልሱን ያገኘሁት በገበያ ነው፤ በኅዳር በቤቷ እንግዳን የምታናግር ልጅ፣ በገበያ መካከል ግን እንደ ቀድሞው ነጠላ ውስጥ ትደበቅ ነበር። ዕድሜ ቢሆን ኖሮ በቤትም በገበያም እኩል በሠራ፤ ድፍረቷ ግን ውኃ ከያዘችበት ስፍራ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ሌላው ሲሰፋ አየሁት።

በጥር 15 የሆነውም እንዲህ ነው። ከዐለት ተፈልፍሎ ከተሠራውና ትውፊት በዐፄ ካሌብ ዘመን ታነጸ ከሚለው ከብልባላ ቂርቆስ ንግሥ የተመለሱት ካህንና ዘመዶች ለዝክሩ ቤቱን ሞሉት። ልጅቱ ጆግ አልያዘችም ነበር። ካህኑ «የማን ልጅ ነሽ?» ሲሏት ዓይኗን ሳትጨፍን ስሟንና የአባቷን ስም ተናገረች፤ ከዚያም ታናሽ ወንድሟ ከእናቱ ነጠላ ኋላ ሆኖ ሲያለቅስ፣ ሄዳ እጁን ይዛ «አትፍራ፣ አባ እኮ ናቸው» አለችው።

አያቷ ይህን ስታይ «ቂርቆስ ነው ያናገራት» አለች። ስንክሳሩን የሰማ ሁሉ ለምን እንዲህ እንዳለች ያውቃል፤ የሦስት ዓመቱ ሕፃን ቂርቆስ፣ መኰንኑ እለእስክንድሮስ ባፈላው የብረት ጋን ፊት እናቱ ኢየሉጣ በፈራች ጊዜ ያጸናት እርሱ ነውና፤ መልአኩ ገብርኤልም ውኃውን ያበረደላቸውን ሐምሌ 19 እናከብራለን። እኔ በአያቷ ቃል አልስቅም፤ ይልቁንም ከዚያ ታሪክ እስከዚያች ቀን ያላስተዋልሁትን አገኘሁ። ሕፃኑ የበረታው ከእርሱ የባሰ የፈራ ሰው በአጠገቡ ባየ ጊዜ ነው። የእኅቴም ልጅ እንዲሁ፤ ጆጉ ከሰው ዓይን አዳናት፣ የወንድሟ ፍርሃት ደግሞ የራሷን አስረሳት፤ የልደቱ ቀን ያደረገው ሁላችንንም አንድ ላይ ሰብስቦ እንድናይ ማድረግ ብቻ ነው።

አሁንም ግን ያልተፈታልኝ አንድ ነገር አለ። ይህን ሁሉ ለእኅቴ ስነግራት «ሴት ልጅ በማስታጠብ አፏን ፈታች ብለህ ዕድሜዋን ሁሉ ስታስታጥብ እንድትኖር ነው?» አለችኝ። ክርክሯ ከባድ ነው፤ ለአንዷ ቃል የሰጠ ሥራ፣ ከእርሱ በቀር ሌላ ካልተሰጣት፣ ያንኑ ቃል በማጀት ሊያስቀረው ይችላል። ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ ጆጉ ለወንድሟ እንዲሰጥ፣ እርሷም ፊደል እንድትቆጥር ተስማማን። አያቷ ወንድ ልጅ ቤት ሙሉ እንግዳ ሲያስታጥብ ማየቱን ገና አልወደደችውም፤ እኅቴ ግን ሳህኑን አውጥታ አሳይታዋለች።