አፍ ዳገት አይፈራም

«አፍ ዳገት አይፈራም» ይባላል። ተረቱን ያወጣው ሰው ቢዮ አዋሌን ያየ ይመስለኛል። ቢዮ አዋሌ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ካሉት የገጠር ክላስተሮች አንዱ ነው፤ የማሽላና የጫት አገር። ዳገቱን ጉልበት ይፈራዋል፤ ጀሪካን በጀርባዋ ያዘለች ሴት ደግሞ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። አፍ ብቻ ነው የማይፈራው።

እታች ከተማው ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ ፍራሽ ተነጥፎ በርጫው ሲደራ፣ ከዚያ ዳገት የወረደውን ጫት እየቀነጠብን የማንፈታው የኢኮኖሚ ችግር የለም። «አቦ፣ ሀብታም ማለት እኮ ሌባ ማለት ነው!» ይላል አንዱ። «ተው እንጂ! ድሃ የሆነው ሰነፍ ስለሆነ ነው» ይላል ሌላው። ሦስተኛው ደግሞ «ኑሮውን ያስወደደው ነጋዴው ነው፤ ሁለት ሦስቱን ቢያስሯቸው የቀረው ልብ ይገዛል» ብሎ ይደመድማል። ምርቃናው ሲበርድ ገራባው ተጠርጎ ይወጣል። ዓረፍተ ነገሮቹ ግን አይጠረጉም። በማግስቱ ቢሮ ይገባሉ፣ ስብሰባ ላይ ይቀመጣሉ፣ አንዳንዴም መመሪያ ሆነው ይወጣሉ። አዲስ አበባም ቢሆን ያው ነው፤ እዚያ ታክሲና ማኪያቶ አለ።

እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። ከድሃው እንጀምር።

«ሰነፍ» የሚለው ቃል በከተማችን ብዙ ጊዜ የሚወረወረው በሴፍቲኔት ተረጂዎች ላይ ነው። «በነጻ ስንዴ ለምደው ሥራ ጠሉ» ይባላል። ፕሮግራሙ በ1997 ሲጀመር የድሬዳዋ ገጠሮችም ገብተውበታል። ጉልበት ያለው ተጠቃሚ ገንዘቡን ወይም እህሉን የሚያገኘው ሠርቶ ነው፤ እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ መንገድ ይጠርጋል። በቀጥታ የሚሰጣቸው መሥራት የማይችሉት ናቸው፦ አረጋውያን፣ ሕመምተኞች፣ ነፍሰ ጡሮች። እንግዲህ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት የሆነውን የማያስታውስ የድሬ ሰው የለም። የደቻቱ ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ይዞ ሄደ። ያ ውሃ ከየት መጣ? ዛፉ ካለቀበት፣ አፈሩ ከታጠበበት፣ ከከተማዋ በስተደቡብ ካለው ተራራ። ጎርፉን በእርከን የሚያግደው ማነው? በየተዳፋቱ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የሚደረድረው ያው «ሰነፍ» ገበሬ። እታች ያለው ባለሱቅ ክረምቱ በደህና ሲያልፍ ለማን ምስጋና እንዳለበት አያውቅም። እዳውን የማያውቅ ሰው ደግሞ አበዳሪውን ሰነፍ ብሎ ቢጠራው አይገርምም።

ወደ ጫቱ እንምጣ። «ማሽላ አይዘሩም? ጫት ነው ያራባቸው» የሚል ምክር ከከተማ አይጠፋም፤ ይህን ምክር የሚሰጠው ጉንጩ በጫት የተወጠረ ሰው ሲሆን ደግሞ ነገሩ ጨዋታ ይሆናል። የገበሬው ስሌት ግን ቀላል ነው። መሬቱ ትንሽ ናት። ማሽላ በዓመት አንዴ ይደርሳል፤ ዝናቡ ከቀረ እሱም የለም። ጫት ድርቅ ይችላል፣ ጥቂት ውሃ ካገኘ ደግሞ በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል። የሐረርጌ ገበሬ ስንት ዘመን የኖረበትን ቡናውን እየነቀለ ጫት የተከለው ሒሳብ ስለማያውቅ አይደለም፤ ስለሚያውቅ ነው። ጉዳቱንም ከኛ አይማርም። ውሃው ሲያልቅም፣ ልጁ ትምህርት ትቶ ጫት ሲለቅምም የሚያየው እሱ ነው።

«ታዲያ ትርፉን ሁሉ ደላላው ይበላበታል፤ ደላላው ሌባ ነው» የሚል ይነሳል። ጫት ጠላቱ ሰዓት ነው። ጠዋት ተቆርጦ ማታ ካልተሸጠ ዋጋው ይወድቃል፤ ካደረ ይጠወልጋል። ስለዚህ ገበሬው «ዋጋው እስኪሻሻል ልጠብቅ» የሚል አቅም የለውም። ደላላው ቀብድ ይሰጣል፣ መኪና ያገኛል፣ ኬላውን ይጋፈጣል፣ የጅቡቲንና የሐርጌሳን ገበያ ያውቃል። ለዚህ ዋጋ ይጠይቃል፤ አንዳንዴም ከሚገባው በላይ ይጠይቃል። ከሚገባው በላይ የመጠየቅ ኃይል የሰጠው ግን የጫቱ ቶሎ መጠውለግ፣ የመንገዱ ችግርና ገበሬው ሩቅ ያለውን ዋጋ አለማወቁ ነው። ደላላውን ብታስሩት ጫቱ እዚያው ገበሬው ጀርባ ላይ ይጠወልጋል። መንገዱን ብትሠሩለት፣ ዋጋውን በስልኩ እንዲያውቅ ብታደርጉት፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ገዢ ቢመጣለት ግን ያው ደላላ በማግስቱ ጨዋ ይሆናል።

ነጋዴውም እንዲሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያው ሰሞን «በድሮ ዋጋ ያስገባኸውን ዕቃ በአዲስ ዋጋ ሸጥክ» እየተባለ ብዙ ሱቅ ታሸገ። እርግጥ ነው፣ ዘይት ደብቆ «የለም» ያለ ነበር፤ ይህ ጉድ ነው። ግን ካፊራ ወይም ታይዋን ገበያ ያለ አንድ ባለሱቅ እናስብ። አሥር ካርቶን በድሮ ዋጋ ሸጦ በገንዘቡ መልሶ የሚገዛው ስድስት ካርቶን ከሆነ በሚቀጥለው ወር ሱቁ ባዶ ነው። የደበቀውና ይህኛው በአንድ ሰም ታሸጉ። «ነጋዴው ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሁለቱን ለመለየት ጊዜ የለውም።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሀብታም ሌባ የለም እያልኩ አይደለም። አለ! በዘመድ መሬት የወሰደ አለ፤ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ በስልክ የዘለለ አለ፤ ቀረጥ የሚበላ አለ። ታዲያ ለዚህ ሰው «ሀብታም ሁሉ ሌባ ነው» ከሚለው የሚጣፍጥ ምን ንግግር አለ? ሁሉም ሌባ ከሆነ እሱ በምን ይለያል? ሌሊት ተነስቶ ዳቦ ሲጋግር ሃብት ያፈራው ሰው ጎን ተሰልፎ «ምቀኝነት ነው» እያለ አብሮ ያማል። በጅምላ የሚፈርድ ሰው ጥፋተኛውን በነጻ ይለቃል። «ድሃ ሰነፍ ነው» የሚለውም ያው ነው፤ የገበሬውን ውሃ ያልቆፈረለት፣ ትምህርት ቤቱን ያላደረሰለት ባለሥልጣን በዚህች ዓረፍተ ነገር ጥላ ሥር በሰላም ይተኛል።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼ የሚጽፏቸው አጫጭር ልቦለዶች ውስጥ ሀብታሙ ሁልጊዜ ቦርጫም ነበር፤ ድሃው ሁልጊዜ ቅዱስ። ድርሰቱ ላይ «ይህ ሰው ሀብታም የሆነው እንዴት ነው?» ብዬ እጽፍ ነበር። «እንዴት» የሚለው ጥያቄ ድርሰቱን ያበላሸዋል፤ ወይም ያድነዋል።

ይህንን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት የጠየቀ ሰው ድሬዳዋ ውስጥ ሠርቷል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ። የባቡሩ ሥራ ተቆጣጣሪ፣ በኋላም የድሬዳዋ ነጋድራስ ነበር። በወጣትነቱ በ1911 ከሞተ በኋላ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፉ በ1916 ታተመ። ዕቃው ሲወጣና ሲገባ ከሚያይበት ወንበር ላይ ሆኖ አገር በምን እንደሚደኸይ መረመረ። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ የብዙ ቀን ድካሙን ሰጥቶ የጥቂት ቀን ሥራ ይገዛል፤ ንግዱ በስምምነት ቢሆንም ሚዛኑ የተዛባ ነው፤ የሐሳቡ ፍሬ ይህ ነው። «ፈረንጅ ሌባ ነው» ብሎ መዝጋት ይችል ነበር፤ «ሐበሻ ሰነፍ ነው» ብሎም መዝጋት ይችል ነበር። አሠራሩን ለማየት ግን መጽሐፍ ሙሉ ደከመ።

አጭር ዓረፍተ ነገር ሁሉ ውሸት ነው ማለቴም አይደለም። በ1957 ተማሪው ይዞት የወጣው «መሬት ላራሹ» ሁለት ቃል ነው፤ እውነትም ነበረ። በ1967 አዋጅ ሆነና ጭሰኛው ነጻ ወጣ። ግን ዓረፍተ ነገሩ እዚያ አለቀ፤ እህሉስ ለማን? የሚለውን አልጨረሰም። ጥቂት ቆይቶ «እርሻ ሰብል» የሚባለው የመንግሥት ድርጅት መጣና ለገበሬው ኮታ ጥሎ በቆረጠው ዋጋ ወሰደበት። የከተማው ቤት አዋጅም በዚያው ዓመት ሐምሌ ወጣ። ብዙ ቤት የነበረው መስፍንና ሁለት ክፍል እያከራየች ልጆቿን የምታሳድግ መበለት «የትርፍ ቤት ባለቤት» በሚል አንድ ስም ተጠሩ። ተከራዩ ኪራይ ቀነሰለት፤ ቤቱን የሚጠግን ግን ጠፋ። የሚያፈሰው የቀበሌ ቤት ጣሪያ ሥር የኖረ ሰው የዚያን ያልተጨረሰ ዓረፍተ ነገር ዋጋ ያውቃል።

«አንተ ደግሞ ነገር ታወሳስባለህ! የራበው ሰው እስኪተነትን ይጠብቅ?» የሚለኝ ይኖራል። የራበው ሰው «ሌቦች!» ቢል ጩኸት ነው፤ ጩኸት ማስረጃ አይጠየቅም። እኔ የምጠይቀው ቁርሱን በልቶ፣ ምሳውን ጨርሶ፣ ትራስ ተደግፎ የሚፈርደውን ነው። እሱ ጊዜ አለው። ስለ አንድ ሰው ሀብት ወይም ድህነት ከመፍረዱ በፊት በምን መንገድ እንዳገኘው፣ ማን ከፍሎበት እንደሆነ፣ ማን ተከልክሎ እንደሆነ ለመጠየቅ የሚፈጅበት ከአንድ ዙርባ ጫት አይበልጥም። ያንን መጠየቅ ከከበደው ዝም ይበል፤ የተናገረውን ዳገት የሚወጣለት ሌላ ሰው ነውና።