ዘፈኑ ሲያልቅ ማን አለ?

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ጓደኛህ የዘፈን ሊንክ ላከልህ እንበል። ሊንኩ ብቻ፤ ሌላ አንድም ቃል የለም። ምን ዕዳ አለብህ? ማዳመጥ? ልብ ተጭኖ ማለፍ? መደወል? ነገሩ ተራ ይመስላል። ለእኔ ግን እየዋለ እያደረ ትልቅ የሥነ ምግባር ጥያቄ ሆኖብኛል፤ ምክንያቱም በእኔ ዕድሜ ካለነው ብዙዎቻችን “ከፋኝ” ማለት ሲያቅተን የምንልከው ዘፈን ነው።

ለምን እንደሚያቅተን ግልጽ ነው። የምኖረው ቡራዩ ነው። አጠገባችን የገፈርሳ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ አለ፤ ወደ መርካቶ ስትወርድ ደግሞ አማኑኤል ሆስፒታል። ሁለቱም ሰው የሚታገዝባቸው ቦታዎች ናቸው። በሠፈር ወሬ ግን “አማኑኤል” መቀለጃ ነው። ተመርቆ ሥራ ያጣ ልጅ እንቅልፍ እንደራቀው ለመናገር መጀመሪያ ይህን ቀልድ መሻገር አለበት። ትዝታ ከፍቶ ቢተኛ ግን ማንም አይቀልድበትም። የሙዚቃ የመጀመሪያው ውለታ ይኼ ነው፤ ስም ያላገኘንለትን ነገር ሳናፍር እንድንይዘው ያስችለናል።

ይበቃል ወይ? ሙዚቃ ለተጨነቀ መንፈስ መድኃኒት ነው ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጠራው ምስክር ዳዊት ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 16 ላይ ንጉሥ ሳኦል ክፉ መንፈስ ሲያስጨንቀው ዳዊት በገና ይደረድርለታል፤ ንጉሡም ያርፋል። ሁለት ምዕራፍ ወረድ ብሎ ያለውን ግን ብዙም አናነሳውም። ምዕራፍ 18 ላይ ያው ዳዊት ለዚያው ሳኦል በገና እየደረደረ ሳለ ንጉሡ ጦር ወረወረበት። ምን ተለወጠ? ተጫዋቹ ያው ነው፤ በመካከላቸው ግን ቅናት ገብቷል። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ዜማው ድሮም የሚሠራው በሁለቱ መተማመን ላይ ቆሞ እንደነበር ነው። መተማመኑ ሲፈርስ ዜማው ብቻውን አልቻለም።

የዘመኑ ሕክምናም ወደዚሁ ይጠጋል። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 በድባቴ ላይ የተሠሩ 9 ጥናቶችን መርምሮ ነበር፤ በድምሩ 421 ሰዎች የተሳተፉባቸው። የሙዚቃ ሕክምና ከመደበኛው ሕክምና ጋር ሲደመር፣ ቢያንስ ለአጭር ጊዜ፣ መደበኛው ብቻውን ከሚሰጠው የተሻለ እፎይታ ይሰጣል የሚል ነው ውጤቱ። “ሲደመር” የምትለውን ቃል ልብ በሉልኝ። ደግሞም የሙዚቃ ሕክምና የሚባለው ከታማሚው ጋር አብሮ የሚጫወት፣ የሚያዳምጥ፣ የሚነጋገር የሠለጠነ ባለሙያ ያለበት ነው። እዚያም ሰው አለ።

በእኛ ባህል የሐዘን ዜማ ሰውም ማብቂያም አይለየውም ነበር። ለቅሶ ቤት አስለቃሿ ሙሾ ስታወርድ ተቀባይ አላት፤ አንዷ ስትደክም ሌላዋ ትቀጥላለች። ከዚያ ድንኳኑ ይፈርሳል፤ ሣልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ እየተባለ ሐዘኑ ቀጠሮ ይያዝለታል። በገናም በተለይ የዐቢይ ጾም ድምፅ ነው፤ 55ቱ ቀን አልቆ ፋሲካ ሲገባ ያረፈው ከበሮ ይመለሳል። ሐዘንተኛውን “በቃ፣ አሁን ተነሥ” የሚለው ወይ ሰው ወይ ቀን ነበረ።

ስልካችንስ? ሙያዬ ሶፍትዌር መሥራት ነውና ነገሩ በዚያ በኩል ይታየኛል። ጀማሪ ፕሮግራመር ቶሎ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ መውጫ የሌለው ሉፕ እንዳይጽፍ ነው፤ ማሽኑ ያንኑ ሥራ እየደጋገመ እዚያው ይቀራል። የዘፈን መተግበሪያዎች ግን እንዳያልቁ ሆነው ነው የተሠሩት። የመረጥከው ዝርዝር ሲያልቅ እሱን የሚመስል ያመጡልሃል፤ ከአንዱ ትዝታ ወደ ሌላው ትዝታ። መተግበሪያው የሚያየው ማዳመጥህን አለማቆምህን ነው። እየተጽናናህ ይሁን እየሰመጥክ አያውቅም። ስለዚህ ምንም ክፋት ሳይኖርበት አንድን ልጅ እስኪነጋ ያው ሐዘኑ ውስጥ ሊያቆየው ይችላል።

ሰው ብቻውን መሆን አያስፈልገውም ወይ የሚል ይኖራል። ያስፈልገዋል። የድሮውንም አላሞግስም፤ ለቅሶ ቤት እኮ እንባው ያነሰ ሰው ይታማል። ኤርፎን ሰክቶ ከሐሜት መሸሽ መብት ነው። ግን ብቻውን መሆን የመረጠ ሰውና ብቻውን መሆን የተቆለፈበት ሰው ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ካልጠየቅን በምን እንለያቸዋለን?

አሸዋ ሜዳ የሚኖር አንድ ጓደኛችን ለወራት እንዲህ ነበር። ሌሊት ሊንክ ይልካል፤ ቀን ከቤት አይወጣም። አራት ሆነን እሑድ እሑድ እሱ ቤት መሄድ ጀመርን። ምክር የለም፣ ስብከት የለም። ስልኩን ብርጭቆ ውስጥ ከተን ድምፁን እናጎላውና እያንዳንዳችን አንድ አንድ ዘፈን እንመርጣለን፤ አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በአፋን ኦሮሞ። እናቱ ቡና ያፈላሉ። አምስተኛው ዘፈን ሲያልቅ ስልኩ ይዘጋል። አራተኛው እሑድ ላይ፣ ዘፈኑ አልቆ ሁላችንም ዝም ባልንበት፣ በደንብ ከተኛ ሦስት ወር እንዳለፈው ነገረን። በሳምንቱ ሐኪም ጋ አብረነው ሄድን። ዛሬ ሕክምናውን እየተከታተለ ነው፤ የሚብስበት ቀንም አለ።

ዘፈኑ አዳነው አልልም። ዘፈኑ ያደረገው አምስት ሰው ሳይተፋፈር ዝም የሚልበት ቦታ መክፈት ነው። ሐኪም ጋ ያደረሰን ቃል የወጣው ከዚያ ዝምታ ነው።

እንግዲህ የዕዳው ልክ እንደሚመስለኝ ይኼ ነው። ሊንኩ ሲመጣ እስከ መጨረሻው አዳምጠው፤ ከዚያ ደውል። ካላነሣ ጠዋት ሂድ። ሄደህ ነገሩ ካንተ አቅም በላይ መሆኑን ካየህ ሐኪም ጋ ውሰደው፤ ወረፋውንም አብረኸው ጠብቅ። ወረፋው ከረዘመ ኤርፎኑን ለሁለት ተካፈሉት።