የማይጠየቅ ድምፅ

ቃለ እግዚአብሔር ሰባኪው በሌለበት፣ ከሬዲዮ ሲሰማ ያንጻል ወይ? በልጅነቴ ቢቸና ላይ አባቴና ነጋዴው ጎረቤታችን በዚህ ሲከራከሩ ያመሹ ነበር።

አባቴ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማሩ መሪጌታ ናቸው። ዲማ ላይ ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታ ያርሙታል፤ ካልቀና እንደገና ቁጠር ይሉታል። ስለዚህ አባቴ፣ «ስትጠይቀው አይመልስ፣ ስትሳሳት አያርምህ፤ ታዲያ በምኑ አስተማሪ ይሆናል?» ይሉ ነበር። ጎረቤታችን ባትሪ ድንጋዩን ቀን ፀሐይ ላይ አሙቀው፣ ማታ በአጭር ሞገድ ብሥራተ ወንጌል የተባለውን የሬዲዮ ጣቢያ ይፈልጉ ነበር። «መሪጌታ፣ ከብት ጥበቃ የዋለውን፣ አልጋ የያዘውን ማን ያስተምረው?» ሲሉ አባቴ ዝም ይሉ ነበር።

ጣቢያው የኦርቶዶክስ አልነበረም። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አቋቁሞት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ መርቀው ከፈቱት። ሁለት ባለ 100 ኪሎ ዋት ማሰራጫዎች ነበሩት፤ ከአፍሪካ አልፎ እስያ ድረስ ይሰማ ነበር። ከሥርጭቱ ስብከቱ 30 በመቶ ያህል ነው፤ የቀረው ዜና፣ ትምህርት፣ ጤና፣ እርሻና ሙዚቃ ነበር። አባቴን ያለዘባቸውም ይኸው ነው። አንድ ምሽት ስለ ሕፃናት ጤና ሲነገር ሰምተው «ነፍስን የሚፈልግ ሥጋንም ካሰበ ደግ ነው» አሉ።

መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ጣቢያውን ወረሰው፤ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። ወንጌል ያሰማ የነበረው ማሰራጫ በዚያው ጉልበቱ የአብዮቱን መፈክር አሰማ። ማሽን ሃይማኖት የለውም፤ የያዘው ሰው ያናገረውን ይናገራል። በሬዲዮ ስለ ሰማ ብቻ የሚያምን ሰው፣ በሬዲዮ ሌላ ሲሰማ ሌላ ያምናል። የአባቴ ስጋት እዚህ ላይ ልክ ነበር።

ግን ጎረቤታችንም አልተሳሳቱም። ቃል ካልደረሰ ጥያቄ አይወለድም። ብሥራተ ወንጌልን የማከብረው አድማጮቹ ደብዳቤ እንዲጽፉ ይጋብዝ፣ ለጻፉትም መልስ ይሰጥ ስለነበር ነው። በአየር የላከው ቃል ጠያቂ እንዳለው ያውቅ ነበር።

ዛሬ ቢቸናም ሆነ ሞጣ ወጣቱ በጆሮው ማዳመጫ ሰክቶ፣ ስልኩ ላይ ሰባኪ ከሰባኪ ያማርጣል። ያልጣመውን በጣቱ ያልፈዋል፤ ያረመው የለም፣ የጠየቀውም የለም። አትስሙ አልልም። የሰማችሁትን ግን ይዛችሁ ስማችሁን ወደሚያውቅ ሰው ሂዱ፤ ወደ ንስሐ አባታችሁ፣ ወደ መምህራችሁ፣ ወደ እናታችሁ። ጠይቁ፣ ተከራከሩ፣ ታረሙ። እምነት በመስማት ይጀምራል፤ የሚጸናው ግን «ተሳስተሃል» ሊለን ከሚችል ሰው ጋር ስንኖር ነው።