ሰይፍ የሚመዝልህ ማን ነው?

የእህቴ ልጅ፣

በስልክ የላክህልኝን ፎቶ መጀመሪያ ሳየው አንገትህ ላይ ጋቢ የጣልክ መስሎኝ ነበር። መነጽሬን አድርጌ ስመለከተው ጋቢው ዓይን አለው፤ ለካ ዘንዶ ነው። እናትህ ደውላ "አንድ ነገር በለው እንጂ" ስትለኝ፣ ልጅነት ነው፣ ሲሰለቸው ይተወዋል ብዬ ነበር። በኋላ ግን ለእሷ የሰጠሃት መልስ ደረሰኝ፤ "አቡነ አረጋዊንስ ደብረ ዳሞ ያወጣቸው ዘንዶ አይደል?" ብለሃታል። እውነቱን ልንገርህና ሳቅሁ። በልጅነትህ የሰማኸው ታሪክ ባሕር ማዶም ሆነህ አለመጥፋቱ ደስ አለኝ። የታሪኩን ሥዕል ግን ደህና አድርገህ አላየኸውም። ዘንዶው ጻድቁን ይዞ ገደሉን ሲወጣ ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን መዝዞ አጠገባቸው ነው። በእግዚአብሔር ትእዛዝ ለመጣ ዘንዶ እንኳን ጠባቂ ተመድቦለታል። ብቻህን በምትኖርባት ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ላንተ ሰይፍ የሚመዝልህ ማን ነው?

ይህ የሽማግሌ ተረት ብቻ እንዳይመስልህ። ትላልቅ እባቦችን ለዓመታት ያሳደጉ ሰዎችም የሚሉት ይኼንኑ ነው፤ እባቡ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ሦስት ሜትር ከደረሰ በኋላ ሌላ ትልቅ ሰው ሳይኖር ሳጥኑን አትክፈት፣ አትመግበው። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንዴ ከተጠመጠመብህ ራስህን መፍታት አትችልም። ጥርሱ ወደ ኋላ የታጠፈ ስለሆነ በጎተትከው ቁጥር ይጠልቃል። የሚፈታህ ከጭራው ጀምሮ የሚያላቅቅ ሌላ ሰው ነው። ድሮ እባቡ ትንፋሽ አሳጥቶ ይገድላል ይባል ነበር። በፈረንጆቹ 2015 የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት ግን ቦአ የሚባለው እባብ የጠመጠማት አይጥ የደም ዝውውር በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ እንደሚቋረጥ አሳየ። ሰው ላይ እንደ አይጥ ላይ አይፈጥንም ብለን እናስብ፤ ያም ሆኖ ስልክህን አውጥተህ 911 የምትደውልበት ፋታ አይኖርህም።

"እኔን ያውቀኛል" ብለህ ጽፈሃል። እሱ የሚያውቀው ሽታና ሙቀት ነው። ከንፈሩ ላይ ያሉት ትናንሽ ጉድጓዶች ሙቀት የሚለዩ ናቸው፤ አይጥ የነካ ሞቃት እጅ ለእሱ ያው አይጥ ነው። አንገትህ ላይ ጸጥ ብሎ የሚተኛውም ሰውነትህ ስለሚሞቀው ነው። አልረገምኩትም፣ ክፉ ነውም አላልኩም። እንዲያውም እኛ ከእባብ ጋር ያለን ጠብ ከመጠን ያለፈ ይመስለኛል። ልጅ ሆኜ አባቴ ለሥራ ጋምቤላ ተመድቦ ሳለ፣ ባሮ ወንዝ ዳር ግልገል የዋጠ ዘንዶ አይቻለሁ። ሆዱ ተወጥሮ መንቀሳቀስ አቅቶት ሣር ውስጥ ተጋድሟል። የአገሩ ሰዎች አልገደሉትም፤ ፍየሎቹን ከወንዙ አራቁና እኛን ልጆቹን በአርጩሜ አባረሩን። ዘንዶው በቦታው ነበር፣ እነሱም ቦታቸውን ያውቁ ነበር።

የዚያው የአፍሪካ ዘንዶ ዘር ነው በ2017 እንግሊዝ አገር ሃምፕሻየር ውስጥ አንድ የ31 ዓመት ወጣት መኖሪያ ቤቱ ውስጥ የገደለው። የእባቡ ርዝመት ሁለት ሜትር ከአርባ ነበር። ልጁ ጀማሪ አልነበረም፤ ብዙ እባቦች ያሳደገ፣ እባቡንም ከልቡ የሚወድ ነበር። የሞቱን ምክንያት የመረመረው ባለሥልጣን እባቡ ምክንያት መሆኑን እንደማይጠራጠር ተናገረ። ያንተው የበርማ ፓይተን አሁን አንድ ሜትር ተኩል ነው አልከኝ። ሲፈለፈል ግማሽ ሜትር ገደማ የነበረው በጥቂት ዓመት ሦስት ሜትር ያልፋል፤ ዕድሜውም ከሃያ ዓመት በላይ ሊሄድ ይችላል። እስከዚያ ትዳር ይመጣል (እናትህ ሙሽራዋን ከዘንዶ ጋር እንዴት እንደምታስተዋውቅ እያሰበች ነው)፣ ልጅ ይመጣል።

ልጅ ካልኩ አይቀር፣ እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው። በ2009 ፍሎሪዳ ውስጥ የሁለት ዓመት ሕፃን አልጋዋ ላይ እንደተኛች የበርማ ፓይተን ገደላት። በሌሊት ከሳጥኑ የወጣ የቤት እባብ ነው። እናቲቱና ወንድ ጓደኛዋ እያንዳንዳቸው 12 ዓመት ተፈረደባቸው። በ2013 ደግሞ ካናዳ፣ ካምፕቤልተን በምትባል ከተማ የአራትና የስድስት ዓመት ወንድማማቾችን በእንግድነት ባደሩበት ቤት ዘንዶ ገደላቸው። ዘንዶው የአየር ማስተላለፊያ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ነው ወደ ተኙበት ክፍል የወረደው። ልጆቹ እባቡን አልነኩትም፣ አላስቆጡትም። ውሻ የሚገድለው ሰው ይበልጣል ትለኛለህ፤ ልክ ነህ፣ ይበልጣል። የእህትህ ልጅ ግን ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜም አንተ ቤት ሳሎን ውስጥ ትተኛለች።

አሁን ደግሞ ጉዳዩ ሲከብድህ ወደ ጫካ ወስዶ መልቀቅ ሊመጣብህ ይችላል። እንዳታደርገው። ፍሎሪዳ ኤቨርግሌድስ የሚባለውን ረግረግ የሞላው ፓይተን የመጣው ከቤት እንስሳ ንግድ ነው፤ ያመለጠም፣ የተለቀቀም አለበት። እዚያ መራባቱ የታወቀው በ2000 ነው። በ2012 የታተመ ጥናት፣ መንገድ ላይ እየነዱ ከሚቆጥሯቸው እንስሳት መካከል ራኩን የሚባለው ከዘጠና ዘጠኝ በመቶ በላይ እንደቀነሰ አሳየ። በ2022 ይፋ የሆነችው አንዲት ሴት ፓይተን 98 ኪሎ ትመዝን ነበር፤ ሆዷ ውስጥ 122 እንቁላል ተገኘ። ያ ሁሉ አንድ ቀን እንዳንተው እጅ ላይ የሚያምር ትንሽ እባብ ነበር፣ ወይም የእሱ ልጅ። ፍሎሪዳ ራሷ ቀን ቆርጣ፣ ያለ ቅጣት እንዲህ ያለ እንስሳ ትረከባለች። እዚህም የሚረከብ ቦታ አለ፤ ሁለት ቦታ ደውዬ ጠይቄ አንደኛው እሺ ብሎኛል።

 ወደዚያ እስክንወስደው ድረስ የሳጥኑን ክዳን በእውነተኛ ቁልፍ ቆልፈው፤ መጽሐፍ መደርደር ቁልፍ አይሆንም፣ ጡንቻ ብቻ የሆነ እንስሳ ነው። የእህትህን ልጅ በዚህ ሳምንት አታምጣት። ከነካኸው በኋላ እጅህን በሳሙና ታጠብ፣ ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ደግሞም ከጉዞው በፊት ባሉት ቀናት አትመግበው፤ ጠግቦ ከተንገላታ ይተፋዋል።

ዓርብ ከሥራ ስትወጣ መኪናዬን ይዤ እመጣለሁ። አሮጌ ጠንካራ የትራስ ልብስና ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ገዝቻለሁ። ሰይፍ የለኝም፤ ወገቤንም ያመኛል። አንተ ከጭንቅላቱ በኩል ያዝ፤ ጭራው በኩል እኔ አለሁ።