የመዘግየት ዕዳ

ከወንጪ ሐይቅ ዳር ቆሞ ወደ ደሴቲቱ ለመሻገር ጀልባ የሚጠብቅ ሰው፣ ጀልባው ለምን እንደ ዘገየ የሚነግረው አያሻውም። ጉም ሐይቁን ከሸፈነው ጉሙን ያየዋል፤ ነፋስ ከተነሣ ነፋሱ የራሱን ጋቢ ይገልበዋል። ቀዛፊው በወዲያኛው ዳርቻ ሰው እያሳፈረ እንደ ሆነ በዓይኑ ይከተለዋል። ቀዛፊው በዚህኛው ዳርቻ ከሆነ ደግሞ ከጠባቂው ጋር በአንድ ብርድ ይቀመጣል፤ «ነፋሱ ጋብ ካላለ አልነሣም» ያለ እንደ ሆነ ቃሉ ከነምክንያቱ ይደርሳል። በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ የጥንት እሳተ ገሞራ ትቶት በሄደው ጎድጓዳ ውስጥ በተኛው በዚህ ሐይቅ ዙሪያ መጠበቅ እንግዳ ነገር አይደለም። ወንጪ ቂርቆስን ለመሳለም የመጣው ምእመንም ሆነ፣ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ መምረጡን ሰምቶ የመጣው ጎብኚ በአንድ ዳርቻ ቆመው ይጠብቃሉ። የጀልባውን መዘግየት ግን በደል ነው የሚል ከመካከላቸው ማግኘት ያስቸግራል።

ከወንጪ ወርዶ አምቦ መናኸሪያ የደረሰ መንገደኛም እንዲሁ ይጠብቃል። መኪናው የሚነሣው ሰዓት ሲደርስ ሳይሆን ሰው ሲሞላ ነው። ረዳቱ «ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ሲጣራ፣ የተሳፈረው ሰው ባዶ ወንበሮችን ቈጥሮ የመነሻውን ጊዜ በግምት ያውቃል። (የሞላ ለማስመሰል ወንበር ይዘው ቆይተው፣ እውነተኛው ተሳፋሪ ሲመጣ ሹልክ ብለው የሚወርዱ ሰዎች መኖራቸውን የማያውቅ መንገደኛ የለም። ዘዴው የሚያስቈጣውም ጊዜ ስለሚፈጅ ሳይሆን የጠባቂውን ቈጠራ ስለሚያበላሽበት ነው።) ሰዓት ያልቈረጠ መኪና ሊዘገይ አይችልም፤ ሊቆይ ብቻ ይችላል።

አውሮፕላን ግን ከሁለቱም ይለያል። ቀኑን ቈርጦ፣ ሰዓቱን ጽፎ፣ ዋጋውን አስቀድሞ ተቀብሎ መንገደኛውን ይጠራዋል። በዚህም የተነሣ የአገር ውስጥ በረራ በዘገየ ወይም በተሰረዘ ቁጥር የሚሰማው ማጉረምረም የምቾት ጉዳይ ብቻ ሆኖ የሚታለፍ አይደለም። ቃል የሰጠ ወገን ቃሉን ለመፈጸም ባልቻለ ጊዜ፣ ቃሉን አምኖ ለተቀመጠው ሰው ምን ዕዳ አለበት? ጥያቄው ይህ ነው።

ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይንሳፈፍ አንባቢ አንድ የወንጪ ገበሬን ይከተል። ሰውየው እንሰትና ገብስ አምራች ነው። ድሬዳዋ አግብታ የምትኖር እኅቱ ማረፏ በስልክ ተነገረው፤ ቀብሩም በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ነው። ዘመድ አዋጥቶለት ትኬት ተቈረጠለት። ከወንጪ ወደ አምቦ፣ ከአምቦ ደግሞ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ገባ። በዘመድ ቤት መደብ ላይ ሳይተኛ አደረና ጎሕ ሳይቀድ ቦሌ ደረሰ። በሚነሣበት ሰዓት ላይ አውሮፕላኑ እንዳልተነሣ፣ «ከጥቂት ጊዜ በኋላ» እንደሚነሣ ተነገረ።

ለዚህ መዘግየት ሰበብ ለመፈለግ የሚቸኩል ሰው አንድ የተለመደ ቃል አያጣም፤ «የሐበሻ ቀጠሮ» ይላል። አባባሉ ቀልድነቱ ባያስከፋም፣ ለማብራሪያነት ግን ስንፍና ነው። በሌሊት በ10 ሰዓት ተነሥቶ ለገበያ የሚወርድ፣ ዶሮ ሳይጮኽ መናኸሪያ የሚደርስ ሕዝብ ሰዓት አያውቅም አይባልም። እርግጥ ነው፣ የአገሩ ሰው ሰዓቱን የሚቈጥረው ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ሲሆን ትኬቱ የሚቈጥረው ከእኩለ ሌሊት ስለሆነ፣ በትኬቱ ላይ 7 የሚለውን አኃዝ አይቶ ከቀትር በኋላ የሚመጣ አይጠፋም። ይሁን እንጂ በዚህ ጊዜ የሚሆነውን ማስተዋል ይገባል። ስድስት ሰዓት የዘገየውን ሰው አውሮፕላኑ አይጠብቀውም፤ ዐሥር ደቂቃ የዘገየውንም አይጠብቀውም። የመመዝገቢያው መስኮት ተዘግቷል ይባላል፤ ገንዘቡም ሊቀርበት ይችላል። አውሮፕላኑ ሦስት ሰዓት በዘገየ ጊዜ ግን መንገደኛው የሚዘጋው መስኮት የለውም። አንደኛው ወገን ሲዘገይ ቅጣት፣ ሌላኛው ወገን ሲዘገይ ይቅርታ ብቻ የሚከተልበት ውል በምን ሚዛን ይመዘናል?

ለዚህ ጥያቄ ከበድ ያለ መልስ አለ፤ መልሱም ሕይወት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ካደረገ ጀምሮ፣ በአገር ውስጥ የገጠመው ትልቁ ተቃዋሚ የአገሪቱ መልክዐ ምድር ነበር። የመጀመሪያዎቹ ዲሲ 3 አውሮፕላኖች ያርፉባቸው የነበሩት ብዙዎቹ ሜዳዎች ሣርና ጠጠር ነበሩ። የላሊበላው ማረፊያ ለብዙ ዓመታት ክረምት ሲገባ በጭቃ ምክንያት አገልግሎት ያቆም ነበር። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የአገር ውስጡን መስመር የያዙት ዳሽ 8 ኪው 400 አውሮፕላኖች ከነዚያ እጅግ የላቁ ቢሆኑም፣ ተራራው ዝቅ አላለላቸውም፤ የክረምቱ ደመናም አልቀለለላቸውም። ቦሌ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር ላይ ሞተርም ክንፍም ጕልበታቸው ይቀንሳል። ስለዚህ ደመናውን አይቶ «አልነሣም» የሚል አብራሪ የወንጪው ቀዛፊ ወንድም ነው። «ከመሞት መሰንበት» የሚለው የአበው ቃል የተነገረው ለእንደዚህ ያለ ሰዓት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

አሪስጣጣሊስ በሥነ ምግባር መጽሐፉ በማዕበል የተያዘች መርከብ አለቃ ጭነቱን ወደ ባሕር ሲጥል ያደረገው ነገር በፈቃድ ነው ወይስ በግዴታ የሚል ጥያቄ አንሥቷል። በደኅናው ጊዜ ጭነቱን በፈቃዱ የሚጥል ሰው የለም፤ በማዕበል ጊዜ ግን አእምሮ ያለው ሁሉ ይጥለዋል። በዘገየ በረራ ወደ ባሕር የሚጣለው ጭነት የመንገደኛው ጊዜ ነው። መጣሉ ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያ የመርከብ አለቃ ጭነቱን የጣለው ዋጋ የሌለው ስለሆነ አይደለም፤ ባለቤቱም የተጣለበትን የማወቅ መብት አለው። ደግሞም ማዕበል ሳይኖር ጭነት የሚጣልበት ጊዜ አለ። መንገደኛው ስላነሰ ሁለት በረራዎችን አንድ ማድረግ፣ ወይም አውሮፕላኑን የበለጠ ወደሚያስገኝ መስመር ማዞር በዓለም ዙሪያ በዚህ ንግድ ውስጥ የማይታወቅ ነገር አይደለም። ይህንን «ለደኅንነት ሲባል» በሚል ልብስ መሸፈን በማዕበሉ ስም መነገድ ነው፤ እውነተኛው ማዕበል በመጣ ቀንም የሚያምን ሰው ያሳጣል።

በላሊበላው ምሳሌ ውስጥ አንድ ቁም ነገር አለ። ማረፊያው ክረምቱን ሙሉ መዘጋቱ የታወቀ በመሆኑ፣ ያን የሚያውቅ ሰው በክረምት አውሮፕላን አልጠበቀም፤ ስለዚህም አልተበደለም። በወራት የሚቈጠር መቋረጥ ያላስከተለውን ቅሬታ የአራት ሰዓት መዘግየት ሊያስከትል የቻለው ለምንድን ነው? በደሉ የሚለካው በሰዓቱ ርዝመት ስላልሆነ ነው። አስቀድሞ የተነገረው ሰው ጊዜው በእጁ ነው፤ በበቅሎ ይሄዳል፣ በመኪና ይሄዳል፣ ወይም እርሻውን ያርሳል። «ከጥቂት ጊዜ በኋላ» የተባለው ሰው ግን ለመሄድም ለመቅረትም አይችልም። ከሰዓቱ ይልቅ የተወሰደበት በሰዓቱ ላይ የነበረው ሥልጣን ነው። ምክንያቱ ገና ካልታወቀም «አናውቅም» የሚለው ቃል «ትንሽ ይታገሡ» ከሚለው ይልቅ ለጠባቂው ይጠቅመዋል፤ ባላዋቂነት ውስጥ እንኳ እውነት ነውና።

እዚህ ላይ በመስኮቱ ወዲያ የቆመችው ወጣት ሠራተኛ ልትረሳ አይገባም። የመንገደኛው ቍጣ ሁሉ የሚወርደው በእርሷ ላይ ነው። እርሷ ግን ብዙ ጊዜ ከመንገደኛው የበለጠ የምታውቀው የለም። ጥገናውን የሚያውቅ ሌላ፣ አየሩን የሚያውቅ ሌላ፣ አውሮፕላኑን ወዴት ማዞር እንደሚሻል የሚወስነው ደግሞ ሌላ ነው። ቀዛፊው በአንድ ሰውነቱ ይዞት የነበረው ኀላፊነት ለብዙ ሰዎች ተከፋፍሎ፣ ለማንም ሳይደርስ ይቀራል። በጠባቂው ፊት ቆሞ አብሮት የሚበርደው ሰው የለም። የሥራ ክፍፍሉ ለዘመናዊ ሥራ የማይቀር መሆኑ ግልጽ ነው፤ ይሁንና የሚያውቁት ሰዎች የሚያውቁትን ለመስኮቷ ሠራተኛ በጊዜው ለማድረስ ካልተጉ፣ እርሷን ለስድብ ማስቀመጣቸው ነው።

መዘግየት የሚለው ቃል ራሱ የማይበቃበት ጊዜም በዚህ አገር ታይቷል። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲጀመር የመቐለ በረራ ተቋረጠ። በመካከሉ ለጥቂት ወራት ቢቀጥልም፣ ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ እንደገና ለ18 ወራት ቆመ። የመንገደኞች በረራ የተመለሰው ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን መቐለ ላይ ከአውሮፕላን ወርደው መሬት የሳሙ፣ ወላጆቻቸውን አቅፈው የጮኹ ሰዎች ነበሩ። ይህን ሁሉ ጊዜ በአንድ አየር መንገድ ላይ ማላከክ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ነገሩ ከአውሮፕላን በላይ ነበርና። ሆኖም በእነዚያ ዓመታት የጠባቂዎቹን አንጀት የበላው መንገዱ መዘጋቱ ብቻ አልነበረም። ስልኩም በመዘጋቱ እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቅ የከረመ ልጅ ብዙ ነው። ከመንገዱ አስቀድሞ ድምፅ ቢከፈት ኖሮ ያው ርቀት ሌላ ርቀት በሆነ ነበር።

ሕግ አውጪዎች ይህን ዕዳ በገንዘብ ለመተመን ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. የ1929 የዋርሶና የ1999 የሞንትሪያል ስምምነቶች በዓለም አቀፍ ጉዞ መዘግየት ላስከተለው ጉዳት አጓጓዡን ተጠያቂ ያደርጉታል፤ ጉዳቱን ለማስቀረት የሚቻለውን ሁሉ ማድረጉን ካስረዳ ግን ነጻ ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት በ2004 ባወጣው ደንብ በረራው ለተሰረዘበት መንገደኛ እንደ ርቀቱ ከ250 እስከ 600 ዩሮ ካሣ ወስኗል፤ የኅብረቱ ፍርድ ቤትም በ2009 በሰጠው ፍርድ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ለዘገየበት ሰው ይኸው እንዲከፈል አድርጓል። ገንዘቡ ለሁሉም እኩል መሆኑ የማይቀር ነው፤ ጉዳቱ ግን እኩል አይደለም። በረራው ተሰርዞ «ወደ ቤትዎ ይመለሱ» ሲባል የቦሌ ነዋሪ ቤቱ ይገባል፤ የወንጪው ሰው ግን ቤቱ ተራራው ላይ ነው። በዚያ ደንብ ውስጥ ከካሣው ይልቅ አስተዋይነት የሚታይበት አንድ ትንሽ አንቀጽ አለ። ለሚጠብቀው መንገደኛ ከምግብና ከመኝታ ጋር ሁለት ጊዜ ስልክ በነጻ የመደወል መብት ይሰጠዋል። ይህን የጻፈ ሰው፣ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ እርሱም የሚጠበቅ መሆኑን ያውቅ ነበር።

ድሬዳዋ ላይ አስከሬኑ ወጥቷል። ዘመድ አዝማድ «ወንድሟ ከወንጪ እየመጣ ነው፤ እርሱ ሳይደርስ አፈር አይለብስም» ብሎ ከፀሐይ ጋር እየታገለ ነው። ከቦሌ በየሰዓቱ ይደወልላቸዋል፤ በየሰዓቱም «ትንሽ ጠብቁኝ፣ ሊነሣ ነው አሉ» ይላቸዋል። እርሱ የተነገረውን ነው የሚነግራቸው፤ ስለዚህ በሌላ ሰው ቃል ዋሾ ሆነ። በጧቱ «ዛሬ ከቀትር በፊት አይነሣም» ቢባል ኖሮ፣ ደረቱን መትቶ «አትጠብቁኝ፣ አልብሱልኝ» ብሎ ይልክ ነበር፤ ለቀስተኛውም በዚያ ሐሩር አይንገላታም ነበር። በመጨረሻ በ10 ሰዓት ግድም ዐረፈ። ከመቃብሩ የተመለሰው ሰው እጁን ታጥቦ ከድንኳኑ ገብቷል። ሰውየው እያለቀሰ ሲገባ ሁሉም ተነሥቶ አለቀሰለት። ልቅሶው ጋብ ሲል አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ በቁጣ ሳይሆን በኀዘን፣ «ምነው ልጄ፣ ምን አቆየህ?» ብለው ጠየቁት። ነፋስ ነው እንዳይል ነፋስ መኖሩን አላየም፤ ደመና ነው እንዳይል የነገረው የለም። «አውሮፕላኑ ዘገየ» አላቸው። ሽማግሌው የቀረውን ለመስማት ጥቂት ጠበቁት።