ከረሜላው የማን ነው?

በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ ከፊኒክስ ከተማ አጠገብ፣ ፓራዳይዝ ቫሊ በምትባል የባለጸጎች መንደር «ካሜልባክ ኢን» የሚሉት የመዝናኛ ሆቴል አለ። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ስሙን ያገኘው በአካባቢው ካለው፣ የተኛ ግመል ከሚመስለው ተራራ ነው። በ1967 ማሪዮት የተባለው ኩባንያ ገዛው። ሁለት ባለ 18 ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳዎች አሉት፤ በረሃ መሀል ለምለም ሣር ማለት ነው። እዚያ ማደር በደመወዝ ለሚኖር ሰው በቀላሉ የሚቀመስ አይደለም።

ሆኖም በደመወዝ የሚኖረውም ያድርበታል። በነጥብ ነዋ! ሆቴሉ ደንበኛው ባደረ ቁጥር ነጥብ ይይዝለታል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም ወደ ነጻ አልጋ ይለወጣል። ስሌቱ ቀላል ነው። በአብዛኞቹ የማሪዮት ሆቴሎች አንድ ተራ አባል ለሚያወጣው ለእያንዳንዱ ዶላር 10 ነጥብ ያገኛል። የሪዞርቱ የአንድ ሌሊት ዋጋ 50,000 ነጥብ ነው እንበል፤ ዋጋው እንደ ወቅቱ ከፍ ዝቅ ይላል። አምስት ሌሊት በነጥብ የሚያድር ሰው የሚጠየቀው የአራቱን ነው፤ አምስተኛው ምርቃት ነው። ስለዚህ 200,000 ነጥብ ያስፈልገዋል። ይህን ለማጠራቀም አስቀድሞ በሌሎች ሆቴሎች 20,000 ዶላር መከፈል አለበት። ከዚያ በኋላ እንግዳችን ቤተሰቡን ይዞ ሄዶ «በነጻ» ይዝናናል፤ የጎልፉ ሂሳብና «የሪዞርት ክፍያ» የሚሉት ጣጣ ካልተጨመረበት ማለቴ ነው።

መልካም። ግን የማን 20,000 ዶላር?

የራሱ ከሆነ ጥያቄ የለንም። በገንዘቡ አድሯል፣ በገንዘቡ ይዝናና። ዳሩ ግን እንዲህ ብዙ ሌሊት በሆቴል የሚያድር ሰው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ገንዘብ አያድርም። የሚልከው ድርጅት አለ፤ የሚከፍለውም ድርጅቱ ነው። የነጥቡ ብልሃት የተፈጠረውም በዋነኛነት ይህን ሰው ታሳቢ አድርጎ ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ የማይል ፕሮግራሙን የጀመረው በ1981 ነው፤ ማሪዮትና ሆሊዴይ ኢን በ1983 ተከተሉት። ነጋዴዎቹ አንድ ነገር ገብቷቸዋል፤ የሥራ ተጓዥ የሚመርጥ እንጂ የሚከፍል አይደለም። ስለዚህ ስጦታው ለከፋዩ ሳይሆን ለመራጩ ይሰጥ!

ነገሩን ወደ ሰፈራችን እናምጣው። እናት ልጇን ስኳር ግዛ ብላ ገንዘብ አስይዛ ትልከዋለች። ባለሱቁ ስኳሩን መዝኖ፣ መልሱን ቆጥሮ፣ ለልጁ አንዲት ከረሜላ ጣል ያደርግለታል። ከረሜላዋ የማን ናት? በጤና ያለች እናት «ገንዘቡ የኔ ስለሆነ ከረሜላዋን አምጣ» አትልም። የልጁ ናት፤ ተልኮበታልና፤ እግሩ ነው የሄደው። አሁን ግን እንዲህ ይሁን። ልጁ በር ላይ ያለውን ሱቅ አልፎ፣ ስኳር በውድ ወደሚሸጠው ሱቅ መሄድ ይጀምራል። ለምን ቢባል እዚያ ያለው ባለሱቅ ከረሜላ ይሰጣላ! ከረሜላዋ ያችው ከረሜላ ናት። አሁንስ የማን ናት?

አገሮች በዚህ ጥያቄ ላይ ተለያይተዋል። ጀርመኖች ነገሩን አክርረው ያዙት። የፓርላማ አባላት በሥራ ጉዞ ያገኙትን ማይል ለሥራ ጉዞ እንዲያውሉት ይጠበቅባቸው ነበር። በጁላይ 2002 አንዳንዶቹ ለግል ጉዟቸው እንዳዋሉት ጋዜጣ ሲያወጣው አገር ተናወጠ። የበርሊን የኢኮኖሚ ሴናተርና ምክትል ከንቲባ የነበሩት ግሬጎር ጊዚ በዚሁ ሰበብ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሥራ ከጀመሩ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር። አሜሪካኖች ደግሞ በተቃራኒው ሄዱ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ በመንግሥት ትኬት ያገኘው ማይል የመንግሥት ነው ሲባል ቆይቶ፣ በዲሴምበር 2001 በወጣ ሕግ ለሠራተኛው ተተወለት። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለበት፤ በመንግሥት ላይ ተጨማሪ ወጪ ማምጣት የለበትም።

እኔ በመሠረቱ ከአሜሪካኖቹ ጋር ነኝ። ተጓዡም የሚለው አለውና። ከልጁ የልደት ቀን የቀረው እሱ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ወንበር ላይ አንገቱን አጣሞ ያደረው እሱ ነው። ቤቱ ውስጥ እንግዳ እስኪመስል ድረስ ከከተማ ከተማ የተንከራተተውም እሱ ነው። ለዚህ ሁሉ ደመወዙ ላይ የተጨመረለት ነገር ላይኖር ይችላል። ይህ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ጎልፍ ሜዳ ዳር ቢቀመጥ ሌባ የሚለው ሰው ራሱ ተጉዞ የማያውቅ መሆን አለበት። ቤተሰቡም ቢሆን በናፍቆት ከፍሏል።

ነገር ግን ያች ቅድመ ሁኔታ ቀላል አይደለችም። ተጓዡ ለስብሰባ የሄደባት ከተማ ውስጥ ሁለት ሆቴሎች አሉ እንበል። አንዱ 140 ዶላር፣ ንጹሕ፣ ለስብሰባው ቅርብ። ሌላው 200 ዶላር፣ ነጥብ የሚይዝለት። መሥሪያ ቤቱ እስከ 200 ይፈቅዳል። ሁለተኛውን ቢመርጥ የጣሰው ደንብ የለም፤ ደረሰኙ ትክክል ነው፤ ኦዲተር ቢመጣ የሚያገኘው ነገር የለም። 60 ዶላሩ ለምን እንደወጣ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። የሕግ ክንድ እዚህ አይደርስም። በአንድ ነጥብ ሁለት ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ የድካም ዋጋም ሊሆን ይችላል፣ የመደለያ ዋጋም ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ ሲታይ ደግሞ መልኩ አንድ ነው።

ይህን ነገር «የታማኝነት ፕሮግራም» ይሉታል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ቃል እንዲህ ሲጣመም ዝም ማለት ይከብደኛል። «ታማኝ» ከ«አመነ» የወጣ ቃል ነው። ታማኝ ማለት ሌላው ሰው አምኖ ንብረቱን፣ ልጁን፣ ምሥጢሩን የሚያስረክበው ሰው ነው። ሆቴሉ ደግሞ «ታማኝ» የሚለው እየተመላለሰ የሚገዛውን ነው። ለእሱማ «ደንበኛ» የሚል ደህና ቃል አለን! የሚያስቀው፣ ወይም የሚያሳዝነው፣ ተጓዡ ለሆቴሉ ይበልጥ «ታማኝ» በሆነ ቁጥር ለላከው ድርጅት ታማኝነቱ ሊጎድል መቻሉ ነው። የከረሜላው ባለሱቅም ልጁን «ታማኜ» ሊለው ይችላል። እናቱ ግን ምን ትለዋለች?

ይህ የአሜሪካኖች የጎልፍ ወግ እኛን ምን አገባን የሚል አንባቢ አይጠፋም። ያገባናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ «ሼባ ማይልስ» የሚባል የራሱ ፕሮግራም አለው፤ በ2011 ስታር አልያንስን ከተቀላቀለ ወዲህ ደግሞ ማይሉ በሌሎች አባል አየር መንገዶችም ያገለግላል። ትኬቱን መሥሪያ ቤት ይግዛው፣ ረጂ ድርጅት ይግዛው፣ ማይሉ የሚመዘገበው በተጓዡ ስም ነው። ማይሉስ ይቅር፤ አበል የሚባለውን እናውቀው የለ? አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ በሁለት ቀን የሚያልቅ ወርክሾፕ ለምን አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ወርዶ አራት ቀን እንደሚፈጅ ለአንባቢ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። አበሉ ሕጋዊ ነው። ለተጓዘ ሰው ሊሰጥም ይገባል። ጣጣው የሚመጣው ጉዞው አበሉን ማስከተሉ ቀርቶ አበሉ ጉዞውን ሲጠራው ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት አለን። ብዙ ሰው ይህን ተረት ሲሰማ የሚታየው ትልቅ ወንበርና ትልቅ ካዝና ነው። እንዲህ ያለውን ወንበር አብዛኞቻችን አንቀመጥበትም፤ ስለዚህ ራሳችንን ከበይዎች ወገን አንቆጥርም። ሹመት ግን ትንሽም አለው። የሌላ ሰው ገንዘብ በእጃችን ሲያልፍ፣ የት እንደሚወጣ የምንመርጠው እኛ ስንሆን፣ ለዚያች ቅጽበት ተሹመናል። ያኔ የሚሰጠን ማባበያ ጉቦ አይመስልም። ፈገግ ብሎ በስማችን እየጠራ፣ «እንኳን ደህና መጡ፣ ነጥብዎ ይህን ያህል ደርሷል» እያለ ነው የሚመጣው። አደራ በላ መሆን በካዝና ሰበራ ብቻ የሚጀምር ቢሆን ኖሮ መጠንቀቁ ቀላል ነበር።

ለተጓዡ እንግዲህ «ነጥቡን አትውሰድ» አልለውም። የተገኘውን ይውሰድ፤ ከቤተሰቡ ጋር ይሂድ፤ ኳሷንም እስኪበቃው ይምታ። ሆቴሉን ሲመርጥ ግን አንድ ነገር ራሱን ይጠይቅ፤ ይህ ሂሳብ ከገዛ ኪሴ የሚወጣ ቢሆን፣ ነጥብም ባይኖረው፣ እዚህ አድር ነበር? አዎ ካለ፣ አልጋው የድካሙ ዋጋ ነው፤ ደስ ብሎት ይተኛበት። አይ ካለ ግን፣ የዚያን ክፍል ዋጋ የከፈለ ሌላ ሰው አለ፤ መክፈሉንም አያውቅም።