የታሰረ ሥርና የባለቤቱ ዕዳ

ሕያው ነገርን ወደ ቤት አስገብቶ በውበቱ መደሰት የሰው ልጅ የቆየ ልማድ ነው። የማና ወረዳ ከተማ በሆነችው በየቡም ሆነ በሌሎቹ የጅማ አካባቢ የቡና ከተሞች፣ ቡና በሚፈላበት ሰዓት ወለሉ ቄጤማ ይጎዘጎዝበታል፤ የሆሳዕና ዕለት ዘንባባ ከምእመናን እጅ አይታጣም፤ በየበረንዳውም በአሮጌ ጣሳ የተተከለ አበባ ይታያል። ቄጤማው በማግስቱ ተጠርጎ ይጣላል፤ ዘንባባው ከበዓሉ በኋላ ይደርቃል፤ የጣሳው አበባ ግን ውኃ ይጠይቃል። የታጨደው ከሰው የሚጠብቀው አንዳች ነገር የለም፤ በሕይወት እንዲቆይ የተደረገው ግን ይጠብቃል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ አንድን ሕይወት ለዓይኑ ደስታ ሲል ከበቀለበት ስፍራ ያነሣ ሰው፣ ለዚያ ሕይወት ምን ዕዳ አለበት?

ይህ ጥያቄ ጎልቶ ከሚታይባቸው ጥበቦች አንዱ ጃፓኖች ኮኬዳማ የሚሉት ነው። «ኮኬ» ማለት በርጥብ ድንጋይና በዛፍ ግንድ ላይ እንደ ለምድ የሚለጠፈው ሳረንስት ሲሆን፣ «ዳማ» ደግሞ እንክብል ማለት ነው። ተክሉ ከሸክላው ወጥቶ የሥሩ አፈር ይራገፋል፤ ሥሩ ውኃ በሚይዝ ጭቃማ አፈር ተድቦልቡሎ ይሸፈናል፤ በላዩ ሳረንስት ይለብስና በክር ይጠመጠማል። ከዚያ በሳሕን ላይ ይቀመጣል፤ ወይም በገመድ ይንጠለጠላል። ለዚህ ከሚመረጡት ተክሎች አንዱ ቻሜዶሪያ የተባለው ትንሽ የቤት ዘንባባ ነው። የትውልድ ስፍራው የሜክሲኮና የጓቲማላ ደን ሲሆን፣ በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር መኖርን የለመደ በመሆኑ የክፍል ውስጥ ደብዛዛ ብርሃን ይበቃዋል። በኢትዮጵያ በወንዝ ዳር የሚበቅለው ዘንባባ ግን እስከ አሥር ሜትርና ከዚያም በላይ የሚያድግ ስለሆነ፣ በእንክብል ውስጥ ይኑር ቢባል ውሎ አድሮ ሞት የተፈረደበት ያህል ነው። ስለዚህ ኃላፊነቱ የሚጀምረው ገና ከምርጫው ነው።

የኮኬዳማ ውበት ሸክላውን በመሰወሩ ላይ የቆመ ነው። ተመልካቹ ማንም ሳይዘው በራሱ የቆመ ተክል ያየ ይመስለዋል። ነባራዊው ሁኔታ ግን ሌላ ነው። እንክብሉ ትንሽ በመሆኑ ቶሎ ይደርቃል። ጠባቂው በእጁ አንሥቶ ክብደቱን ይመዝናል፤ የቀለለ እንደሆነ ውኃ በሞላበት ገበቴ ውስጥ አረፋ መትፋቱን እስኪያቆም ይነክረዋል። ይህን የዘነጋ እንደሆነ ቅጠሉ ከጫፉ እየጠወለገ ይሄዳል። በመልኩ ከሁሉ ነፃ የመሰለው ተክል በኑሮው ከሁሉ ይልቅ የሰው ጥገኛ ሆኖ ይገኛል። በመልክና በይዘት መካከል ያለው ቅራኔ በዚህ ይገለጣል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የቡና ችግኝስ በጠባብ ከረጢት ውስጥ ታጭቆ አይደለምን የሚያድገው? እውነት ነው። የቡና አምራቹ ችግኙን በዳስ ጥላ ሥር ያሳድገዋል፤ ውኃ ያጠጣዋል፤ ፀሐይን ቀስ በቀስ ያለማምደዋል። ክረምት ሲገባ ግን ከረጢቱን ቀድዶ በዋንዛ፣ በብርብራና በሰሳ ጥላ ሥር ይተክለዋል። ከረጢቱ መሸጋገሪያ ነው። የኮኬዳማው ክር ወደየትም አያሸጋግርም፤ ጠባቂው ለተክሉ መሬቱም ዝናቡም ሆኖ ይቀራል። ተክል ሕመም አይሰማውም ቢባልም እንኳ ዕዳው አይሰረዝም፤ ምክንያቱም ጥገኝነቱን የፈጠረው ተክሉ ሳይሆን ሰውዬው ነው።

ሁለተኛው ዕዳ ለሳረንስቱ ነው። ሳረንስት እውነተኛ ሥር የለውም፤ ርጥበትን በገላው ይቀበላል፤ የዝናብንም ውኃ አቁሮ ለግንዱና ለአካባቢው ርጥበትን ያቆያል። ከደን ዛፍ ላይ የተገፈፈ እንደሆነ ቦታው ተመልሶ እስኪለብስ ዓመታት ይፈጃል። አንዱን ክፍል ለማሳመር ሌላውን ግንድ የሚያራቁት ሰው ውበትን አዛወረ እንጂ አልፈጠረም።

ሦስተኛው ዕዳ ምንጭን አለመርሳት ነው። ለዚህም የቡና ታሪክ ራሱ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1714 የአምስተርዳም ከንቲባ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ አንድ የቡና ተክል አበረከተ፤ ተክሉም በፓሪስ በንጉሡ የአትክልት ስፍራ በክብካቤ ይጠበቅ ነበር። በ1720ዎቹ ደ ክሊዩ የተባለ መኮንን ከፓሪስ አንድ ችግኝ ይዞ ወደ ማርቲኒክ ደሴት ሲሻገር፣ በመርከቡ ላይ ውኃ ባነሰ ጊዜ የራሱን ድርሻ ለችግኙ ያካፍል እንደነበር ኋላ በጻፈው ደብዳቤ ተርኳል። በዚህ አንጻር የጠባቂነት ዕዳውን ከፍሏል። ይሁን እንጂ ቡናው በማርቲኒክ የለማው በባርነት በተያዙ አፍሪካውያን ጉልበት ነበር። ስዊድናዊው ሊኔም እ.ኤ.አ. በ1753 ለተክሉ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለት «የዓረብ ቡና» አለው፤ ተክሉን ያስገኘው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን በስሙ ውስጥ አልተነሣም። እንግዲህ ለችግኙ የሚራራ ልብ ለሰውና ለምንጭም ካልራራ ርኅራኄው ጎደሎ ነው።

ይህ ሁሉ ከተክል አልፎ የሥነ ጥበብን ሰዎች ይመለከታል። ቡና ለቃሚዎች በሥራ ላይ የሚያዜሙት ዜማ ወደ መድረክ ሲወጣ፣ ሥሩ ከአፈሩ ተራግፎ በክር እንደተጠመጠመ ተክል ይሆናል። መድረክ ላይ ማውጣቱ በራሱ ጥፋት አይባልም፤ ብዙ ዜማ ከመረሳት የዳነው በዚህ መንገድ ነውና። ነገር ግን ዜማውን ያነሣው ከያኒ ከየት እንዳነሣው የመናገር፣ ባለቤቶቹንም የማክበርና ወደ እነርሱ እየተመለሰ የመማር ግዴታ አለበት። ወደ ምንጩ የማይመለስ ዜማ እንደ ደረቀ እንክብል እየቀለለ ይሄዳል።

በቤቱ ጥግ አንዲት ዘንባባ ያንጠለጠለ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚጠበቅበት ከባድ አይደለም፦ ለክፍሉ የሚስማማውን ተክል መምረጥ፣ ሳረንስቱን ከደን ግንድ አለመግፈፍ፣ የተክሉን አገር ለልጆቹ መንገር፣ ገበቴውንም በየጊዜው በውኃ መሙላት። መምህሩ ለተማሪው፣ ከያኒው ለተመልካቹ፣ ካድሬውም ለሚያስተባብረው ሕዝብ ያለባቸው ዕዳ ከዚህ የራቀ አይደለም።